ከፊርማው በላይ ያለው ጽሑፍ፦ የቅኝ ግዛት ዘመን የአሜሪካ የመርከብ ሰነዶችና የካፋ ቡና

ቡና ከካፋና ከአካባቢው ደኖች ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ሲሻገር የተፈረመለት ወረቀት አልተገኘም። የካፋ ሕዝብ ታሪኩን ያቆየው በአብዛኛው በቃል ሲሆን፣ ከቦንጋ የሚነሡ ነጋዴዎችም የሚተማመኑት በምስክርና በመሐላ እንጂ በደረሰኝ አልነበረም። የዘሩ ቀጣይ ጉዞ ግን በወረቀት ላይ እየሰፋ ሄደ። ከየመን ወደ ጃቫ የተወሰደው ቡና እ.ኤ.አ. በ1706 አምስተርዳም ደረሰ፤ በ1714 አንድ ችግኝ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተ፤ በ1720ዎቹ ደግሞ ገብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ መኮንን ወደ ማርቲኒክ ደሴት አሻገረው። የካፋ ደን የልጅ ልጅ የሆነው ይህ ቡና ከካሪቢያን ደሴቶች በጆንያ እየተጫነ ቦስተንና ፊላዴልፊያ ሲገባ፣ የመርከቡ አዛዥ ፊርማ ያረፈበት ወረቀት አብሮት ይገባ ነበር።

ዛሬ በጨረታ ቤቶች በውድ የሚሸጡት እነዚህ ወረቀቶች ናቸው። ዋነኛው የጭነት መረከቢያ ደረሰኝ ሲሆን፣ ጽሑፉ አስቀድሞ የታተመ፣ ክፍት ቦታው በእጅ የሚሞላ ነው። ጭነቱ በእግዚአብሔር ቸርነት መጫኑን በመግለጽ ይጀምርና መርከቡ በሰላም ወደብ እንዲደርስ በመጸለይ በ«አሜን» ይዘጋል። በመካከሉ የላኪው ስም፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት፣ የመርከቡ ስምና የኪራዩ ዋጋ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ በሦስት ቅጂ ይፈረም ስለነበር አንዱ በባሕር ቢጠፋ ሌላው ይተካዋል። የሜዲትራኒያን የይለፍ ወረቀት የሚባለው ደግሞ በብራና የተዘጋጀ ነው። የላይኛው ክፍሉ በጠመዝማዛ መስመር ተቆርጦ ወደ ሰሜን አፍሪካ ወደቦች ይላካል፤ የዚያ አገር የባሕር ላይ ወራሪዎች መርከቡን ሲያስቆሙ ሁለቱን ክፍሎች ገጥመው ያረጋግጣሉ።

ለሐኪም ግን ከሁሉ የሚልቀው የመነሻው ወደብ ባለሥልጣን ለመርከቡ የሚሰጠው የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ወደቡ ከወረርሽኝ ንጹሕ፣ የተጠረጠረ ወይም የተበከለ መሆኑን የሚገልጽ በመሆኑ፣ መርከበኞቹ ወደ ከተማ መግባታቸው ወይም ተገልለው መቆየታቸው የሚወሰነው በእርሱ ነበር። ከማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ባለሥልጣናት እ.ኤ.አ. በ1647 ከባርቤዶስ በሚመጡ መርከቦች ላይ የወጣው የማግለል ትእዛዝ የዚህ ሥርዓት ቀደምት ምሳሌ ነው።

ጥንቃቄው ሁልጊዜ አልሠመረም። በ1721 «ሲሆርስ» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከምዕራብ ህንድ ደሴቶች ወደ ቦስተን ፈንጣጣ ይዛ ገባች፤ 5,889 ሰዎች ታመው 844 ሞቱ። በዚያው ወረርሽኝ ዛብዲኤል ቦይልስተን የተባለ ሐኪም ከታማሚ ቁስል በተወሰደ መግል ሰዎችን መከተብ ጀመረ፤ ከ240 በላይ ከሚሆኑት ተከታቢዎች የሞቱት 6 ብቻ ናቸው። ዕውቀቱን ለቄስ ኮተን ማዘር ያካፈለው ኦኔሲመስ የተባለ በባርነት የተያዘ አፍሪካዊ ነበር። የማዘር ፊርማ ያለበት ደብዳቤ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል፤ ኦኔሲመስ ግን የሚታወቀው በጌታው ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ነው። ተመሳሳይ ክትባት በአገራችንም ይሠራበት እንደነበረ ከ1805 ጀምሮ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ ጽፎ አቆይቷል፤ የከታቢዎቹ የእጅ ጽሑፍ ግን አብሮ አልተላለፈም።

የሰብሳቢዎች ዓይን በአብዛኛው የሚያርፈው በወረቀቱ ግርጌ ላይ ነው። የነጻነቱን አዋጅ የፈረሙትን የ56 ሰዎች ፊርማ አሟልቶ መያዝ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ትልቅ ክብር ሆኖ ቆይቷል። ጆን ሃንኮክ የመርከብ ነጋዴ ስለነበረ የንግድ ወረቀቶቹ ይፈለጋሉ፤ እንደ ቤንጃሚን ረሽና ጆሳያ ባርትሌት ያሉ ሐኪሞችም ከፈራሚዎቹ መካከል አሉ። በ1777 በሁለትዮሽ ፍልሚያ ቆስሎ የሞተው በተን ግዊኔት እንደ ሌሎቹ የታወቀ ሰው ባይሆንም፣ ፊርማው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ከሁሉ የተወደደው የእርሱ ነው። ፍላጎቱ አስመሳዮችንም አፍርቷል፤ ሮበርት ስፕሪንግ የተባለ ሰው ከአሮጌ መጻሕፍት ባዶ ገጾችን እያወጣ የጆርጅ ዋሽንግተንን ፊርማ ይሠራና ይሸጥ ነበር።

ከማስመሰሉ ይልቅ የከፋው ጥፋት ግን ቅን በሆኑ ሰብሳቢዎች እጅ የተፈጸመው ነው። ብዙዎች ፊርማውን በመቀስ ቆርጠው በአልበም ላይ እየለጠፉ የቀረውን ይጥሉ ነበር። የታካሚን ስም ቆርጦ አስቀርቶ ካርዱን ማቃጠል ማለት ነው። የተጣለው ክፍል የጭነቱን ዓይነት፣ የመነሻውን ወደብና ወረርሽኝ መኖር አለመኖሩን የያዘው ነበር። የሰው ልጅ በጭነትነት የተቆጠረባቸውም ወረቀቶች አሉ፤ ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች በቁጥር ተመዝግበው፣ በጉዞው ለሚሞቱት አዛዡ እንዳይጠየቅ የሚል ቃል ገብቶበት ከታች ይፈረማል። ስማቸው የለም። ከካፋ ተይዘው በቀይ ባሕር በኩል የተሸጡት ደግሞ ይህን ያህል መዝገብ እንኳ አላገኙም።

በኢትዮጵያ የፊርማውን ቦታ ማኅተም ይዞ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ በጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ደርሶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፣ ሰነዱን ያጸናው የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ነበር። የዚያ ዘመን የነጋዴዎች ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ላይ ሰብሳቢ አይሻማበትም፤ ስንት ፈረሱላ ቡና ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ የሚናገረው ግን እርሱ ነው።