የሬዲዮ ማይክሮፎን
አሜሪካ፣ 1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.)

የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ድምፅ በየቤቱ ይገባ የነበረው እንዲህ ባለ ማይክሮፎን ነው። ባንኮች በተዘጉበት ሰሞን፣ እሑድ ማርች 12 ቀን 1933 ማታ፣ ባንክ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ምን እንደሚሠራበት በተራ ቋንቋ አስረዱ። በማግስቱ ባንኮች መከፈት ሲጀምሩ፣ ገንዘቡን ቤቱ ደብቆ የነበረው ሕዝብ መልሶ ሊያስቀምጥ ተሰለፈ። በፌብሩዋሪ 1942 ስለ ጦርነቱ ሲናገሩ ደግሞ አድማጮች የዓለም ካርታ ዘርግተው እንዲከታተሏቸው ጠይቀዋል።

ጋዜጠኞችን የሚቀበሉት ግን ያለ ማይክሮፎን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል፣ ጋዜጠኞቹ ጠረጴዛቸውን ከበው እንደቆሙ ነበር። ሩዝቬልት ጨዋታ አዋቂ ነበሩ፤ ቃላቸውን እንዳለ መጥቀስ ግን ያለ ፈቃድ ክልክል ነበር። ብልጠት የተሞላበት ደንብ! ከዓመታት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ በጃንዋሪ 1955 የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጋዜጣዊ መግለጫ በፊልም ተቀርጾ በቴሌቪዥን ታየ።