የኪራይ ሪሲቨር ዘመን፦ የአሜሪካ የክፍያ ቴሌቪዥን ከኬብል እስከ ስትሪሚንግ መሣሪያ

በየወሩ የሚከፈልበትን የኬብል ወይም የሳተላይት ቴሌቪዥን አገልግሎት አቋርጦ ፕሮግራሞችን በኢንተርኔት መከታተል ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ የተለመደ የቤተሰብ ውሳኔ ሆኗል። ውሳኔውን ያቀለለው የስትሪሚንግ መሣሪያ የሚባለው፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በኤችዲኤምአይ ሶኬት ተሰክቶ በቤቱ ዋይፋይ አማካይነት ቪዲዮ እየተቀበለ ወዲያውኑ የሚያሳየው ትንሽ ዕቃ ነው። ሮኩ፣ ፋየር ቲቪ፣ አፕል ቲቪና ጎግል ቲቪ ከሚባሉት መካከል አንዱን መምረጥ የሚፈልግ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋቸውን፣ ፍጥነታቸውንና የምስላቸውን ጥራት ያወዳድራል። ሆኖም የእነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ እንደሚያሳየው ከሁሉ የከበደው ጥያቄ በሳሎን በተቀመጠው ዕቃ ላይ የሚያዘው፣ ምን እንደሚታይና እንደማይታይም የሚወስነው ማን ነው የሚለው ሲሆን፣ ጥያቄው ኢንተርኔት ወደ መኖሪያ ቤት ከመግባቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የተነሣ ነው።

የኬብል ቴሌቪዥን የተወለደው በተራራማ አካባቢዎች ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝና ተራራ ስለሚያግደው፣ ከጣቢያ ርቀው በሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ቴሌቪዥን ቢገዙም ምስል አያገኙም ነበር። በዚያ ላይ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሞገድን የሚመድበው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ የምደባ ሥርዓቱን እስኪያስተካክል ድረስ ከሴፕቴምበር 1948 እስከ ኤፕሪል 1952 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአዳዲስ ጣቢያዎች ፈቃድ መስጠቱን ስላቋረጠ፣ ትንንሽ ከተሞች የራሳቸውን ጣቢያ በቅርብ የማግኘት ተስፋ አልነበራቸውም። በኦሪገን ግዛት በአስቶሪያ ከተማ ኤድ ፓርሰንስ የተባለ የሬዲዮ ጣቢያ ባለቤት በ1948 በአንድ ሆቴል ጣራ ላይ አንቴና ተክሎ ከሲያትል የሚመጣውን ሞገድ ያዘና በሽቦ ወደ ራሱ ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ጎረቤቶቹ አደረሰ። በፔንሲልቬኒያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫ ከተማ በማሃኖይ ሲቲ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መደብር የነበረው ጆን ዋልሰንም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሥራ መጀመሩን ተናግሯል፤ ቀኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ባለመኖሩ ግን ቀዳሚው ማን እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎችን ሲያከራክር ኖሯል።

ሥራው የንግድ መልክ የያዘው ከማሃኖይ ሲቲ ብዙም በማትርቀው በላንስፎርድ ነው። ሮበርት ታርልተን የተባለ ነጋዴ ቴሌቪዥን ለመሸጥ ቢፈልግም ከተማይቱ ከፊላዴልፊያ ጣቢያዎች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በፓንተር ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ በመሆኗ፣ ምስል የማይታይበትን ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው አልነበረም። ታርልተን በ1950 ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ኩባንያ አቋቁሞ በተራራው ላይ ረጅም አንቴና አቆመ። ከዚያም ኮአክሲያል ኬብል የሚባለውን፣ መሐሉ የመዳብ ሽቦ ሆኖ ዙሪያውን በማያስተላልፍ ነገርና በብረት መከለያ የተጠቀለለውን መስመር በእንጨት ምሰሶዎች ላይ እየዘረጋ ወደ ከተማይቱ አወረደው። ሞገዱ በኬብሉ ውስጥ ሲጓዝ እየደከመ ስለሚሄድ በየርቀቱ የሚያጎለብት መሣሪያ ማስገባት የግድ ነበር፤ ይህን ያቀረበውም የፊላዴልፊያው ጄሮልድ ኤሌክትሮኒክስ ሲሆን፣ የኩባንያው መሥራች ሚልተን ሻፕ በኋላ የፔንሲልቬኒያ አገረ ገዥ ለመሆን በቅቷል። ደንበኛው ለመስመር ማስገቢያ 125 ዶላር፣ በየወሩ ደግሞ 3 ዶላር ይከፍል ነበር። በ1952 በመላ አገሪቱ 70 ያህል እንዲህ ያሉ ድርጅቶች 14,000 ደንበኞችን ያገለግሉ ነበር።

በዚህ የመጀመሪያ ዘመን ኩባንያው የሚያቀርበው ሽቦ ብቻ እንደነበር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ደንበኛው በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ቴሌቪዥን በቀጥታ ከኬብሉ ጋር ያገናኛል፤ ኩባንያውም የሚሸጠው ማንም አንቴና የሰቀለ ሰው በነጻ የሚያገኘውን የአየር ሞገድ ስለነበር የሚቆልፈው ነገር አልነበረውም። ሪሲቨሩ፣ ማለትም አሜሪካውያን ኬብል ቦክስ የሚሉት ዕቃ፣ የመጣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ቴክኒካዊ ሲሆን፣ የዘመኑ ቴሌቪዥኖች ማዞሪያ ከ2 እስከ 13 የተቆጠሩ ዐሥራ ሁለት ቻናሎችን ብቻ ይቀበል ስለነበር፣ ኬብሉ ከዚያ በላይ መሸከም ሲጀምር ተጨማሪውን ቻናል ቴሌቪዥኑ ወደሚያውቀው ቁጥር የሚቀይር መሣሪያ አስፈለገ። ሁለተኛው ምክንያት ግን ንግዱን ከሥሩ የለወጠው ነው። ኤችቢኦ የተባለው ቻናል ኖቬምበር 8 ቀን 1972 በፔንሲልቬኒያ በዊልክስ ባሬ ከተማ፣ በዚያው በጆን ዋልሰን ኩባንያ ኬብል ላይ፣ ለ365 ደንበኞች ሥርጭቱን ጀመረ። ይህ ቻናል በአየር ላይ በነጻ የማይገኝና ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት ስለሆነ ያልከፈለው ሰው እንዳያየው ማድረግ ያስፈልግ ነበር፤ ይህን የመሰሉ ቻናሎች ሲበራከቱም ኩባንያዎቹ ምስሉን ሆን ብሎ ማዛባትንና በደንበኛው ቤት ባስቀመጡት ሪሲቨር ብቻ መልሶ ማስተካከልን ልማድ አደረጉት። ለደንበኛው ምቾት የገባው ዕቃ በዚህ መንገድ የኩባንያው በር ጠባቂ ሆነ፤ ደንበኛውም ለዚህ በር ጠባቂ በየወሩ ኪራይ ይከፍል ጀመር።

ኤችቢኦ በ1975 ሥርጭቱን በሳተላይት ለየከተማው የኬብል ድርጅቶች ማከፋፈል በመጀመሩ፣ አንድ ቻናል በአንድ ጊዜ መላ አገሪቱን የሚያዳርስበት መንገድ ተከፈተ። ኢኤስፒኤን በ1979፣ ሲኤንኤን በ1980፣ ኤምቲቪ በ1981 ተከታትለው መጡ፤ ኩባንያዎቹም ቻናሎቹን በተናጠል ከመሸጥ ይልቅ በጥቅል እየሸጡ፣ ስፖርት የማያይ ሰው ለስፖርት ቻናል፣ ሙዚቃ የማይወድም ለሙዚቃ ቻናል የሚከፍልበት ሥርዓት ዘረጉ። ዳይሬክቲቪ በ1994 በትንሽ ዲሽ የሚሠራ የሳተላይት አገልግሎት ሲጀምር ፉክክር ቢፈጠርም፣ የሪሲቨሩ ነገር ግን በነበረበት ቀጠለ።

የሕግ አውጪዎች ሙከራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊዘነጋ የማይገባው ክፍል ነው። በስልክ ዘርፍ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ1968 ካርተርፎን በሚባለው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ደንበኛው መስመሩን እስካልጎዳ ድረስ ከስልክ ኩባንያው ያልተገዛ ዕቃ ከመስመሩ ጋር የማገናኘት መብት አግኝቶ ነበር፤ ውሳኔው ለፋክስ ማሽን፣ ለመልእክት መቀበያና በኋላም ለኢንተርኔት ሞደም ገበያ በር ከፍቷል። ኮንግረሱ ይኸው መብት በቴሌቪዥን እንዲደገም በመፈለግ በ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ፣ ሪሲቨሮች ከኬብል ኩባንያዎች ውጪ ባሉ መደብሮችም እንዲሸጡ ኮሚሽኑ ደንብ ያውጣ አለ። ከዚህ የተወለደው ኬብል ካርድ የተባለው፣ የምስሉን ቁልፍ የያዘና ደንበኛው ራሱ በገዛው ሪሲቨር ወይም ቴሌቪዥን ውስጥ የሚገባ ጠፍጣፋ ካርድ ነበር። ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ካርዱን እንዲያቀርብ በታዘዘው፣ ከኪራዩም በሚጠቀመው በዚያው ኩባንያ ፈቃደኝነት ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ቲቮን ከመሳሰሉ ጥቂት አምራቾች ደንበኞች በስተቀር ብዙኃኑ ሳይጠቀምበት ቀረ። ሴናተር ኤድዋርድ ማርኪና ሴናተር ሪቻርድ ብሉመንታል በ2015 ይፋ ያደረጉት ጥናት እንዳመለከተው፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያህሉ የክፍያ ቴሌቪዥን ደንበኛ ሪሲቨሩን ተከራይቶ ይጠቀም ነበር፤ አንድ ቤተሰብም በአማካይ በዓመት 231 ዶላር ለኪራዩ ብቻ ያወጣ ነበር። ዋጋው አስቀድሞ በኪራይ ብዙ ጊዜ ለተመለሰ ዕቃ ያለማቋረጥ ማስከፈል በቤተሰብ በጀት ላይ የተጫነ ግልጽ በደል ነው። የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ቶም ዊለር በ2016 ሪሲቨሩን ከኩባንያዎቹ እጅ የሚያላቅቅ ደንብ ቢያቀርቡም የኬብል ኩባንያዎችና የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የቅጂ መብት ሥጋትን እያነሡ ተቃወሙት፤ በሴፕቴምበር መጨረሻ ሊሰጥ የነበረው ድምፅም ተሰርዞ ደንቡ ሳይጸድቅ ቀረ።

ሕግ ያልሠራውን ሌላ ነገር ሠራው። ዲቪዲ በፖስታ በማከራየት የሚታወቀው ኔትፍሊክስ በ2007 ፊልሞችን በኢንተርኔት ማሳየት ሲጀምር ተመልካቹ ማየት የሚችለው በኮምፒዩተር ብቻ ስለነበር፣ ኩባንያው ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ የራሱን ዕቃ ያሠራ ነበር። ሥራውን የመራው ቀደም ሲል ሪፕሌይ ቲቪ የተባለውን የቴሌቪዥን መቅጃ የፈጠረውና በ2002 ሮኩን የመሠረተው አንቶኒ ዉድ ነው። ዕቃው ለገበያ ሊቀርብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የኔትፍሊክስ ኃላፊ ሪድ ሄስቲንግስ አስቆሙት፤ ኔትፍሊክስ የራሱን ዕቃ ቢሸጥ ሌሎች የቴሌቪዥንና የመጫወቻ መሣሪያ አምራቾች እንደ ተፎካካሪ ስለሚያዩት አገልግሎቱን በዕቃዎቻቸው ላይ አይጭኑለትም ብለው ስለሠጉ ነው። ፕሮጀክቱ ወደ ሮኩ ተላለፈ፤ ኔትፍሊክስም በሮኩ ላይ ገንዘብ አፈሰሰ። በሜይ 2008 በ99.99 ዶላር ለገበያ የቀረበው ትንሽ ጥቁር ዕቃ ያን ጊዜ ከኔትፍሊክስ በስተቀር የሚያሳየው ነገር አልነበረውም፤ ቢሆንም ወርኃዊ ኪራይ የለውም፣ ገዢው ቤት ቢቀይር ይዞት ይሄዳል፣ ሲሰለቸውም ለሌላ ሰው ሊሰጠው ይችላል።

አፕል ቲቪ በ2007 በ299 ዶላር ገበያ ላይ ውሎ በ2010 ወደ 99 ዶላር ወረደ፤ ጎግል በ2013 ሪሞት የሌለውንና በስልክ የሚታዘዘውን ክሮምካስት በ35 ዶላር፣ አማዞን በ2014 ፋየር ቲቪን በ99 ዶላር፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ አነስተኛውን ስቲክ በ39 ዶላር አቀረቡ። በየዓመቱ ለሪሲቨር ኪራይ ከሚወጣው 231 ዶላር አንጻር ሲታይ ገዢው የሚያመነታበት ምክንያት አልነበረም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ለውጥ የተቀበሉት ከሌላ ልማድ ተነሥተው ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች ዲሽና ሪሲቨር አንድ ጊዜ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ፣ እንደ ዲኤስቲቪ ካሉ የክፍያ አገልግሎቶች በቀር ወርኃዊ ክፍያ የማይጠየቅበት የቤት ንብረት ነው፤ በ2019 ኢትዮሳት ሲጀመርም ከብዙ ቤተሰቦች የተጠየቀው ዲሹን ወደ አዲሱ ሳተላይት አዙሮ ማስተካከል እንጂ ውል መፈረም አልነበረም። የአሜሪካ የኬብል ጥቅል ደግሞ ውድ ከመሆኑም በላይ አማርኛ ቻናል ማግኘት ለሚፈልግ ቤተሰብ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነበር። የአማርኛ ዜና፣ ድራማና መዝሙር በብዛት በዩቲዩብ መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ለዚህ ቤተሰብ ከስትሪሚንግ መሣሪያ የሚጠበቀው ዋና ነገር ዩቲዩብን በጥሩ ሁኔታ ማሳየቱ ሆነ።

የበር ጠባቂው ጥያቄ ዳግም የተነሣው ግን በዚሁ በዩቲዩብ ጉዳይ ነው። አማዞን በ2015 ክሮምካስትንና አፕል ቲቪን በመደብሩ መሸጥ አቆመ፤ ከጎግል ጋር የተፈጠረው ቅራኔም እየከረረ ሄዶ ጎግል ከ2018 መግቢያ ጀምሮ የዩቲዩብን አፕሊኬሽን ከፋየር ቲቪ ላይ አነሣ። ተመልካቹ በኢንተርኔት ማሰሻ በኩል ዞሮ መግባት ቢችልም አፕሊኬሽኑ የተመለሰው በጁላይ 2019 ነው። ኤችቢኦ ማክስ የተባለው የስትሪሚንግ አገልግሎት በሜይ 2020 ሲጀመር በሮኩም ሆነ በፋየር ቲቪ ላይ አልነበረም፤ ፋየር ቲቪ ላይ የገባው በኖቬምበር፣ ሮኩ ላይ ደግሞ በዲሴምበር ነው። በ2021ም ዩቲዩብ ቲቪ የተባለው ወርኃዊ አገልግሎት ከሮኩ የአፕሊኬሽን መደብር ወጥቶ ለወራት ቆይቷል። የግጭቶቹ ምክንያት በየጊዜው ቢለያይም ከማስታወቂያ የሚገኘው ገቢ፣ የተመልካቹ መረጃና በማውጫው ላይ የሚሰጠው ቦታ ደጋግመው የሚነሡ ጉዳዮች ነበሩ፤ የስትሪሚንግ መሣሪያ በርካሽ የሚሸጠውም ዋናው ትርፍ ከዕቃው ሽያጭ ሳይሆን ከእነዚህ ስለሚገኝ ነው።

ተመልካቹ ኬብሉን ቢተውም ወርኃዊው ሂሳብ ተከትሎት መጥቷል። ዩቲዩብ ቲቪ በ2017 በ35 ዶላር ጀምሮ በጃንዋሪ 2025 ወደ 82.99 ዶላር ከፍ አለ። የተመልካች ቁጥር የሚለካው ኒልሰን እንደዘገበው በጁላይ 2022 በቴሌቪዥን ከታየው ሰዓት 34.8 በመቶው የስትሪሚንግ፣ 34.4 በመቶው የኬብል ሆኖ ስትሪሚንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በለጠ። የኬብል ኩባንያዎቹ ኮምካስትና ቻርተርም በ2022 ሽርክና ፈጥረው ዙሞ የተባለ የራሳቸውን የስትሪሚንግ መሣሪያ ሠሩ።

ስለዚህ ዛሬ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው አምራቹ ከየትኛው ንግድ እንደሚያተርፍ ማወቁ ከምስል ጥራት ሠንጠረዥ የበለጠ ይጠቅመዋል። የአፕል መሣሪያ ዋጋው ከሌሎቹ የሚበልጠው በከፊል ኩባንያው ከዕቃው ሽያጭ ስለሚያተርፍ ሲሆን፣ ሮኩና አማዞን ግን ከመጀመሪያው ገጽ ማስታወቂያ የሚያገኙትን ያሰላሉ። የሶፍትዌር ማሻሻያ ለስንት ዓመት እንደሚሰጥ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ጎግል በ2024 ክሮምካስትን ማምረት አቁሞ በ99.99 ዶላር ለገበያ ባቀረበው ሌላ መሣሪያ ተክቶታል። መሣሪያው በቴሌቪዥኑ ውስጥ አብሮ ሲሠራ የበር ጠባቂው ጥያቄ ይበልጥ ይጠናከራል። ቪዚዮ የተባለው አምራች ከ11 ሚሊዮን ቴሌቪዥኖች ባለቤቶቹ ምን እንደሚያዩ ሳያስፈቅድ መረጃ ሰብስቧል ተብሎ በመከሰሱ በ2017 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ የማስታወቂያ ንግዱን ማስፋት የፈለገው የችርቻሮ ድርጅት ዋልማርት ይህንኑ ኩባንያ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ የራሱ አድርጎታል።