የቦንዳይ ባሕር ዳርቻ የሞገድና የአየር ሁኔታ ትንበያ

የቦንዳይ ባሕር ዳርቻ የሞገድና የአየር ሁኔታ ትንበያ በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ ለሚገኘው ለቦንዳይ ባሕር ዳርቻ በየዕለቱ የሚወጣ የሞገድ፣ የነፋስ፣ የሙቀትና የአደጋ መረጃ ነው። ቦንዳይ ከሲድኒ መሀል ከተማ በስተ ምሥራቅ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በታስማን ባሕር ጠረፍ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የአሸዋው ርዝመት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገሪቱ በጣም ከሚጎበኙ የባሕር ዳርቻዎች አንዱ ነው፤ ለዋና፣ ለፀሐይ መሞቅና ለሰርፊንግ (በሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብ) ይፈለጋል።

ትንበያውን የሚመለከት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው አንድ ቁጥር ነው፤ እሱም የሞገዱ ቁመት ነው። ነገር ግን ቁመቱ ብቻውን ባሕሩ ለዋናተኛ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አይናገርም። በቦንዳይ አደጋውን የሚወስኑት ሞገዱ የመጣበት አቅጣጫ፣ በሞገዶች መካከል ያለው ጊዜና ከውሃው በታች ያለው የአሸዋ ቅርጽ ናቸው። ከእነዚህ የመጨረሻውን የትኛውም ትንበያ አያሳይም።

አቀማመጥ

የባሕር ዳርቻው እንደ ጨረቃ ግማሽ የታጠፈ ሲሆን ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያደላል። በሰሜን በኩል ቤን በክለር፣ በደቡብ በኩል ማኬንዚስ ፖይንት የሚባሉ ዓለታማ ጫፎች ያቅፉታል። በዚህ ምክንያት ከደቡብ የሚመጣ ሞገድ በቀጥታ ይገባል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ግን ቤን በክለርን ዞሮ ስለሚደርስ ጉልበቱ ይቀንሳል። በአንድ ቀን የሰሜኑ ጥግ ለሕፃናት የሚሆን፣ የደቡቡ ጥግ ደግሞ ለልምድ አዋቂ ብቻ የሚሆን ሊሆን ይችላል። የአውስትራሊያ የነፍስ አድን ማኅበር ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የአደጋ መለኪያው ለሰሜኑ ጫፍ 4፣ ለደቡቡ ጫፍ 7 ሰጥቷል። ስለዚህ «ዛሬ ቦንዳይ እንዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም፤ የትኛው ጫፍ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

በቤን በክለር ዓለት ላይ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ። የተለጠፈበት ጽሑፍ 235 ቶን የሚመዝን መሆኑንና እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1912 በነበረ ወጀብ ከባሕር ተገፍቶ መውጣቱን ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ1960 በዚሁ ቋጥኝ ላይ ግማሽ ሴት ግማሽ ዓሣ የሆኑ ሁለት ሐውልቶች ተተክለው ነበር። አንደኛውን እ.ኤ.አ. በ1974 የተነሣ ወጀብ ወስዶታል።

የሞገድ ቁጥሮች

በትንበያ ላይ «የሞገድ ቁመት» ሲባል የሁሉም ሞገዶች አማካይ ማለት አይደለም። ከሚያልፉት ሞገዶች መካከል ትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ ተለይተው የእነሱ አማካይ ይወሰዳል። ይህ አሠራር የተለመደው ልምድ ያለው መርከበኛ በዓይኑ ከሚገምተው ቁመት ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ውጤቱ ግን ብዙ አንባቢን ያሳስታል። 2 ሜትር ተብሎ በተተነበየበት ቀን ከ2 ሜትር የሚበልጡ ብዙ ሞገዶች ይመጣሉ። የአውስትራሊያ ሚቲዎሮሎጂ ቢሮም በትንበያዎቹ ላይ ትልቁ ሞገድ ከተጻፈው ቁመት እስከ ሁለት እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል ያሳስባል።

ሁለተኛው ቁጥር የሞገድ ጊዜ ነው። ይህም አንድ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ሲሆን የሚለካው በሰከንድ ነው። ለጀማሪ እዚህ ግባ የማይባል ቁጥር ይመስላል፤ ሰርፈሮች ግን ከቁመቱ እኩል ይፈልጉታል። በጥልቅ ባሕር በሁለት ጫፎች መካከል ያለው ርቀት የሚገኘው ጊዜው በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ1.56 ሲባዛ ነው። በዚህ ስሌት የ7 ሰከንድ ሞገድ 76 ሜትር፣ የ14 ሰከንድ ሞገድ ደግሞ 306 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሞገድ የባሕሩን ወለል «የሚነካው» ጥልቀቱ ከርዝመቱ ግማሽ ሲያንስ ነው። በመሆኑም አጭሩ ሞገድ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው 38 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲሆን ረጅሙ ግን ገና 153 ሜትር ላይ ነው። ረጅሙ ሞገድ ወደ ጥልቀት አልባው ውሃ ሲጠጋ ይበልጥ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ሲሰበርም ብዙ ውሃ ይገፋል። ሁለት ቀኖች በትንበያው እኩል 1.5 ሜትር ቢጻፍባቸው፣ የ14 ሰከንዱ ቀን የሚያደርሰው ኃይል ከ7 ሰከንዱ ቀን እጥፍ ነው።

ረጅም ጊዜ ያላቸው ሞገዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚወለዱት ከአውስትራሊያ በስተ ደቡብ በሚነሡ ወጀቦች ነው። የ14 ሰከንድ ሞገድ ጉልበት በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 2,000 ኪሎ ሜትር ለማቋረጥ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ወጀቡ ራሱ ሲድኒ አይደርስ ይሆናል። በቦንዳይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ከሁለት ቀን በፊት በሌላ ባሕር የነፈሰ ነፋስ ሥራውን ይሠራል። የአየር ሁኔታ ትንበያና የሞገድ ትንበያ ተለይተው መነበብ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ ሞገዶች በቡድን በቡድን ይመጣሉ። ጥቂት ትልልቅ ሞገዶች ተከታትለው ከመጡ በኋላ ባሕሩ ለብዙ ደቂቃ ጸጥ ሊል ይችላል። በዚያ ጸጥታ መሀል የደረሰ ጎብኚ አምስት ደቂቃ አይቶ «የተረጋጋ ነው» ብሎ ቢገባ የሚቀጥለው ቡድን ውሃ ውስጥ እያለ ያገኘዋል። በዓለት ላይ ቆመው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚወሰዱትም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ነፋስና ወቅቶች

አውስትራሊያ በደቡባዊ ንፍቀ ክበብ ስለምትገኝ የቦንዳይ በጋ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት፣ ክረምቱም ከግንቦት መጨረሻ እስከ ነሐሴ ነው። ክረምቱ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ብርድ ማለት ነው። ሆኖም የውሃው ሙቀት ከአየሩ ዘግይቶ ይከተላል። ባሕሩ በጣም የሚሞቀው በየካቲት ወርና በመጋቢት መጀመሪያ ሲሆን ወደ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ በነሐሴና በመስከረም ደግሞ ወደ 17 ዲግሪ ይወርዳል።

በበጋ ከሰዓት በኋላ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ ለቀናት ከቆየ እንግዳ ነገር ያመጣል፤ ቀኑ እየሞቀ ውሃው ይቀዘቅዛል። ምክንያቱም በደቡባዊ ንፍቀ ክበብ በነፋስ የሚገፋ የባሕር ገጽ በመሬት መሽከርከር የተነሣ ወደ ግራ ያዘነብላል። ስለዚህ የሞቀው የላይኛው ውሃ ከጠረፉ ይርቅና ቀዝቃዛው ከታች ይተካዋል። ይኸው ነፋስ ብሉቦትል የተባሉትን ሰማያዊ ተናዳፊ የባሕር እንስሳት ወደ ዳርቻው ያመጣል። ንድፊያቸው በጣም ያማል፤ በሕይወት ላይ ግን እምብዛም አደጋ አያስከትልም።

በጸደይና በበጋ በድንገት የሚደርሰው የደቡብ ነፋስ በአገሬው «ሳውዘርሊ በስተር» ይባላል። ቀዝቃዛ አየር ጠረፉን ይዞ ወደ ሰሜን ሲሮጥ የሙቀት መጠኑ በደቂቃዎች ውስጥ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። በጣም ሞቃት በሆነ ቀን ለከተማው ነዋሪ እፎይታ ነው። ለዋናተኛና ለትንሽ ጀልባ ግን አይደለም፤ ምክንያቱም ነፋሱ ከባሕር ወደ ዳርቻው በቀጥታ ስለሚነፍስ ውሃውን ወዲያው ያናውጠዋል።

በመጸውና በክረምት በምሥራቁ ጠረፍ አጠገብ የሚፈጠሩ ዝቅተኛ የአየር ግፊቶች ትልልቆቹን ሞገዶች ያመጣሉ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በሲድኒ ጠረፍ አቅራቢያ ያለው ተንሳፋፊ መለኪያ ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ ነጠላ ሞገድ መዝግቧል። በሌላ በኩል ከምዕራብ የሚነፍሰው የክረምት ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ስለሚሄድ የሞገዱን ፊት ያለሰልሰዋል። ሰርፈሮች በብርዱ ጠዋት ወፍራም የዋና ልብስ ለብሰው የሚመጡት ለዚህ ነው።

ጎታች ጅረት

በአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻዎች ዋናው ገዳይ ሪፕ ተብሎ የሚጠራው ወደ ባሕር የሚጎትት ጅረት ነው። በአገሪቱ በአማካይ በየዓመቱ ከ20 ያላነሱ ሰዎች በዚህ ጅረት ይሞታሉ። ሻርክ በዜና ይገናል፤ በቦንዳይ ግን ሁለት ዋናተኞች በሻርክ የተገደሉት እ.ኤ.አ. በ1929 ነበር።

የጅረቱ አፈጣጠር ቀላል ነው። ሞገድ በአሸዋ ጉብታ ላይ ተሰብሮ ወደ ዳርቻው የገፋው ውሃ መመለሻ ያስፈልገዋል። በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለውን ጥልቅ ቦይ ያገኝና በዚያ ተሰብስቦ ይወጣል። ቦዩ ጥልቅ ስለሆነ ሞገድ አይሰበርበትም፤ ስለዚህ ነጭ አረፋ የሌለበት፣ ጠቆር ያለና የተረጋጋ መንገድ መስሎ ይታያል። ባሕር የማያውቅ ሰው ከሚንኮታኮተው አረፋ ሸሽቶ የሚመርጠው በትክክል ይህንኑ ቦታ ነው። በሐይቅ ወይም በወንዝ ዋና የተማረ ሰው ጸጥ ያለ ውሃ መምረጡ ልክ ነው፤ በውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ግን ያ ልማድ ይገለበጣል። በአውስትራሊያ ሰምጠው ከሚሞቱት መካከል በሌላ አገር የተወለዱ ሰዎች ጉልህ ድርሻ አላቸው።

በቦንዳይ ደቡብ ጫፍ በቋሚነት የሚገኘው ጅረት «ባክፓከርስ ኤክስፕረስ» ይባላል። ስሙ የወጣለት በአውቶቡስ መጥተው በአቅራቢያቸው ባለው ውሃ በሚገቡ ወጣት ተጓዦች ነው። ጠንካራ ጅረት በሰከንድ እስከ 2 ሜትር ሊሄድ ስለሚችል ታጋዩ ሻምፒዮን ዋናተኛ ቢሆንም አያሸንፈውም። የነፍስ አድን ሠራተኞች የሚመክሩት ጅረቱን ሳይታገሉ መንሳፈፍን፣ እጅን አንሥቶ እርዳታ መጥራትንና አቅም ካለ ሞገድ ወደሚሰበርበት ጎን መዋኘትን ነው። ጅረቱ ወደ ታች አይስብም፤ ሰው የሚሰምጠው ደክሞና ተደናግጦ ነው።

ጅረቱ ብዙውን ጊዜ የባሕሩ ውሃ ሲጎድል ይበረታል፤ በጉብታዎቹ ላይ ያለው ውሃ ስለሚሳሳ ፍሰቱ ሁሉ ወደ ቦዩ ይገባል። በመሆኑም የውሃው ሙላትና ጉድለት የሚደርስበት ሰዓት በትንበያው ላይ ከቁመቱ ቀጥሎ መታየት ያለበት ነው።

ጥቁሩ እሑድ

እሑድ ጥር 29 ቀን 1930 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1938) በቦንዳይ የደረሰው አደጋ «ጥቁሩ እሑድ» ተብሎ ይታወሳል። ቀኑ የበጋ ሞቃት ቀን ነበር፤ በዳርቻው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ነበር። ብዙዎቹ በአሸዋ ጉብታ ላይ ቆመው ሳለ ተከታታይ ትልልቅ ሞገዶች በፍጥነት ደረሱ። ቀድሞ የመጣው ውሃ ሳይመለስ ሌላው ተደረበበት። ውሃው ወደ ባሕር ሲመለስ ከ200 በላይ ሰዎችን ወደ ጥልቁ ወሰደ። የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞቹ በወገብ ቀበቶና በገመድ እየገቡ ያወጧቸው ሲሆን ብዙዎቹ ራሳቸውን ስተው ነበር። አምስት ሰዎች ሞተዋል። በቁጥር ብዙ የነበሩት የቦንዳይ ነፍስ አዳኞች በዚያ ሰዓት በዳርቻው ባይገኙ ኖሮ የሟቾቹ ብዛት እጅግ ይጨምር ነበር።

የትንበያው አሠራር

ዘመናዊው የሞገድ ትንበያ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ኖርዌያዊው ሃራልድ ስቨርድሩፕና ዋልተር ሙንክ ወታደሮች በጀልባ ወደ ጠረፍ የሚወጡበትን ቀን ለመምረጥ ከነፋስ ፍጥነት፣ ነፋሱ ከነፈሰበት ርቀትና ከቆየበት ጊዜ ተነሥተው ሞገድን የሚያሰሉበት ዘዴ ቀየሱ። ዛሬ ስሌቱን የሚሠሩት ትልልቅ ኮምፒውተሮች ናቸው። በአሜሪካ የተሠራው ዌቭዋች የተባለው ፕሮግራም በብዙ አገሮች ያገለግላል፤ የአውስትራሊያ ቢሮም ይጠቀምበታል። ፕሮግራሙ ውቅያኖሱን በአራት ማዕዘን ክፍሎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ ያለው ጉልበት ወደየት እንደሚሄድ ያሰላል። በሲድኒ አቅራቢያ በጥልቅ ውሃ ላይ ያለው ተንሳፋፊ መለኪያ ከ1980ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) እውነተኛውን ሞገድ ስለሚመዘግብ ትንበያው ከእሱ ጋር ይመሳከራል።

የእነዚህ ክፍሎች ስፋት በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ነው። መላው ቦንዳይ ግን 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ በአንድ ክፍል ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው ቦይማ ከነጭራሹ አይታይም። የአሸዋ ጉብታው ቦታ ከአንድ ወጀብ በኋላ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላል። የሦስት ቀን ትንበያ ስለ ቁመቱ ጥሩ ሊባል የሚችል ነው፤ ሳምንት ሲሞላው ግን ከአቅጣጫ ጠቋሚነት አያልፍም።

ኮምፒውተሩ የማያየውን የሚያዩት በየጠዋቱ ውሃውን የሚመለከቱት የዌቨርሊ ማዘጋጃ ቤት ነፍስ አዳኞች ናቸው። ቀይና ቢጫ የሆኑትን ሁለት ባንዲራዎች የሚተክሉት በዚያን ዕለት ጅረት በሌለበት ቦታ ሲሆን፣ ሁኔታው ሲለወጥ በቀኑ መሀልም ያዛውሯቸዋል። በባንዲራዎቹ መካከል ያለው ስፍራ ለዋናተኞች ብቻ የተከለለ ነው፤ ጠንካራ የሰርፍ ሰሌዳ የያዙ ወደ ደቡቡ ክፍል ይሄዳሉ። ባሕሩ ሲከፋ ባንዲራዎቹ ይነሣሉ፤ ዳርቻውም ለዋና ይዘጋል።