ለአዲስ ፕሮጀክት የፕሮግራም ቋንቋ ሲመረጥ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለማሠራት ሲነሳ ቀድመው ከሚያጋጥሙት ጥያቄዎች አንዱ ሥራው በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፍ የሚለው ነው። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ቋንቋውን መለወጥ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ከመጻፍ የማይተናነስ ወጪ ስለሚያስከትል ምርጫው በዝና ሳይሆን በንጽጽር ላይ ሊመሠረት ይገባል።

የሥራው ዓይነት

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ የፈጠረው ሲ ፈጣንና ከኮምፒውተሩ አካል ጋር በቅርበት የሚሠራ በመሆኑ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሞችና ለአነስተኛ መሣሪያዎች ይመረጣል። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ፓይተን በአጭር ጽሑፍ ብዙ ሥራ የሚያሠራ ሲሆን፣ ለመረጃ ትንተናና ለሰው ሠራሽ አስተውሎት በስፋት ያገለግላል። ሆኖም ከባድ ስሌት ላይ በራሱ ከሲ ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጃቫ በትልልቅ ተቋማት ሥርዓቶች ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። በዚያው ዓመት የተፈጠረው ጃቫስክሪፕት ደግሞ የድረ ገጽ ማሰሻዎች ቋንቋ ነው።

ደኅንነት

በሲ የሚጽፍ ባለሙያ የኮምፒውተሩን ሜሞሪ የሚያስተዳድረው ራሱ ነው። ይህም ፍጥነት ቢሰጥም ለአደገኛ ስህተቶች በር ይከፍታል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስታወቀው፣ በየዓመቱ ከሚያርማቸው የደኅንነት ክፍተቶች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ አያያዝ የሚመነጩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያው የተረጋጋ እትሙ የወጣው ረስት እንዲህ ያሉ ስህተቶችን አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት ይከለክላል። በአንጻሩ ለመማር ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል።

የፊደል አያያዝ

ለአማርኛ ተጠቃሚዎች ይህ ነጥብ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ተካቷል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በመሆኑም "ሰላም" የሚለው ባለሦስት ፊደል ቃል በሲ ወይም በፒኤችፒ በተለመደው መንገድ ሲለካ 9 ሆኖ ይቆጠራል። በፓይተን 3 እና በጃቫ ግን 3 ነው። ልዩነቱን ያላገናዘበ ፕሮግራም የአመልካችን ስም ከፊደል መሐል ቆርጦ ሊመዘግብ ይችላል። ፒኤችፒ ለዚህ የተዘጋጁ ተጨማሪ ትዕዛዞች ስላሉት ባለሙያው እነርሱን መጠቀም ይኖርበታል። "ኃይሉ" እና "ሀይሉ" አንድ ስም መሆናቸውን ግን የትኛውም ቋንቋ በራሱ ስለማያውቅ፣ የፍለጋው ደንብ ከመጀመሪያው ሊታቀድ ይገባል።

የነገ ተረካቢ

ፕሮግራም ከጸሐፊው በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ የሥራ አጥነት ክፍያ ጥያቄ በበዛበት ጊዜ፣ አገረ ገዥው ኮቦልን የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲያግዙ ጠይቀዋል። ኮቦል የተነደፈው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። የፓይተን 2 ድጋፍም እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 በመቋረጡ በእርሱ የተጻፉ ፕሮግራሞች ወደ አዲሱ እትም መዛወር ነበረባቸው። ስለዚህ በአካባቢው ባለሙያ የሚገኝለት፣ ሰነዱ የተሟላና ድጋፉ ያልተቋረጠ ቋንቋ መምረጥ ይመከራል።

የመጨረሻው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የሥራውን አንድ አስቸጋሪ ክፍል መርጦ፣ በሁለት ዕጩ ቋንቋዎች በእውነተኛ መረጃ መሞከር ጠቃሚ ነው። ጥቂት ቀናት የሚወስድ ሙከራ ዓመታት ከሚዘልቅ ችግር ሊያድን ይችላል።