የአባቴ ላዳና የወንድሜ ልጅ ሞተር

እስቲ ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን ስለ አንድ ድምፅ አልባ ሞተር ታሪክ እናውጋ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

እዚህ ዴንቨር አብሮን የሚኖረው የወንድሜ ልጅ አምና ማታ ማታ ሠርቶ ባጠራቀመው ብር ያገለገለ ሱር-ሮን ላይት ቢ ገዛ። ለጭቃና ለኮረብታ የተሠራ፣ 50 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሳየው «አንተ፣ ይሄ ብስክሌት ነው ወይስ ሞተር?» አልኩት። ሳቀ እንጂ አልመለሰልኝም። እኔም ታሪኩን መፈተሽ ጀመርኩ።

ነገሩ አዲስ ይመስለናል እንጂ አይደለም። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ትሩቬ በ1881 ፓሪስ ውስጥ ባለሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነድቷል (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። አሜሪካዊው ኦግደን ቦልተን ደግሞ በ1895 መጨረሻ የኋላ ጎማው ላይ ሞተር ለተገጠመለት ብስክሌት የፈጠራ መብት አገኘ። ታዲያ ከዚያ ወዲህ የት ጠፋ? ባትሪው ነዋ! የእርሳስ ባትሪ ክብደቱ ብዙ፣ ጉልበቱ ትንሽ። ቤንዚን አሸነፈ። ነገሩ የተለወጠው ሶኒ በ1991 የሊቲየም-አዮን ባትሪን ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ለቪዲዮ ካሜራ የመጣው ባትሪ ውሎ አድሮ ሞተር ተሸከመ።

በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዜሮ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ቀጥሎ የሳን ፍራንሲስኮው አልታ መጣ። ከቤንዚን ሞተሮች ጋር ተወዳድሮ የሚያስከነዳ ሞተር ሠራ፤ ግን በ2018 ተዘጋ። ስዊድናዊው ኬክ ሲያዩት የሚያምር፣ ቀላል ሞተር አወጣ፤ እሱም በ2024 መጀመሪያ ከሰረ። በመሐል ላይት ቢ ከቻይናዋ ቾንግቺንግ ብቅ አለ። ቾንግቺንግ እነ ሊፋን፣ ሎንሲንና ዞንግሸን ያሉባት የሞተር ሳይክል ከተማ ናት። ዕቃ የሚያመርተውም የሚገጥመውም እዚያው ነው።

እዚህ ጋ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ አዲስ አበባ ላዳ ታክሲ ይነዳ ነበር። ላዳ ያን ሁሉ ዘመን የኖረችው ከሁሉ የተሻለች መኪና ስለነበረች አይደለም። ዕቃዋ ሶማሌ ተራ ስለሚገኝና ማንም መካኒክ ስለሚፈታት ነው። ላይት ቢም እንደዚያው ነው። ከብዙ ጎበዞች ተርፎ የቆየው ቀላል ስለሆነ፣ መለዋወጫው ስለሞላና ጎረምሳ ጋራዥ ውስጥ ስለሚፈታው ነው። ስለዚህ ልትገዙ ስታስቡ ከፍጥነቱ በፊት ዕቃው የት እንደሚገኝ ጠይቁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ልጁ «60 ቮልቱ አነሰኝ» ብሎ ከማያውቀው ሻጭ ርካሽ ባለ 72 ቮልት ባትሪ አመጣ። ኮንትሮለሩንም ብዙ አምፔር እንዲስብ አደረገው። አምፔር እጥፍ ሲሆን በሽቦውና በባትሪው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ማን ይንገረው? አንድ ሌሊት የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ቀሰቀሰኝ። እማዬ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ከጋራዡ በላይ ባለው ክፍል ተኝታለች! በነጠላዋ ተሸክሜ አወጣኋት። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው ያበጠውን ባትሪ ከቤት አራቁት። እማዬ ውጪ በብርድ ቆማ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጁን እንዳትቆጣው፤ ደንግጧል።»

አልተቆጣሁትም። አብረን ከስር ጀመርን። መጀመሪያ ፍሬኑንና ጎማውን አሻሻልን። ጉልበት ሲፈልግ ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ በትልቅ ቀየርነው፤ ፍጥነቱ ትንሽ ቀነሰ፣ ዳገት ግን በደንብ ይወጣል፤ ባትሪውንም አያስጨንቅም። ከሞተሩ የሚወጣውን ቺንጋ ውጥረት፣ ካቴናውንና ብሎኖቹን በየጊዜው ያያል። ኃይለኛ የውሃ ግፊት ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ስለሚያወጣው የሚያጥበው በጨርቅና በባልዲ ነው። ባትሪው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ከሆነ ሳይሞቅ ቻርጅ አያደርገውም። ለወራት ሲያስቀምጠው ግማሽ አካባቢ ሞልቶ ነው። ቻርጅ የሚያደርገውም ሰው ነቅቶ እያለ፣ ከመኝታ ክፍል ርቆ።

የመጀመሪያ ጥያቄዬም መልስ አገኘ። በ2002 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚለው ፔዳል ያለውንና ከ750 ዋት በታች የሆነውን ነው። ላይት ቢ ፔዳል የለውም፣ ጉልበቱም ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ሞተር ነው። የሚነዳውም ለሞተር በተፈቀደ የዱር መንገድ እንጂ ሕፃናት በሚጫወቱበት መናፈሻ አይደለም።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁም ጭምር ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ኤሌክትሪክ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። «ሞተር ላክልኝ» የምትሉኝ ዘመዶቼ፣ እኔም በተራዬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ባትሪው ሲደክም ሶማሌ ተራ ላይ ማን ይቀይርላችኋል?

ቸር እንሰንብት።