ሽፍታውና አሳዳጁ ከጉና ግርጌ

የአሜሪካን የካውቦይ ፊልም ከቶ ያላየ የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ታሪኩ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ሕግ በቅጡ ባልደረሰበት ጠረፍ ወንበዴዎች ከብት ይነዳሉ፣ ባንክ ይዘርፋሉ፣ ሰው ይገድላሉ፤ ደረቱ ላይ ኮከብ የለጠፈው ሸሪፍም በፈረስ ያሳድዳቸዋል። ተመልካቹ የመጀመሪያው ጥይት ሳይተኮስ ማን በማን ወገን እንደ ቆመ ያውቃል። «አክተሩ አይሞትም» የሚለው የሲኒማ ቤት አባባላችንም ከዚሁ እርግጠኝነት የራቀ አይደለም።

ፍሬድ ዚነማን እ.ኤ.አ. በ1952 ያዘጋጀው «ሃይ ኑን» ከብዙዎቹ ላቅ ያለ ነው። ጌሪ ኩፐር የተጫወተው ሕግ አስከባሪ፣ ከእስር ተፈትቶ በእኩለ ቀን ባቡር የሚመጣበትን ወንበዴ ይጠብቃል፤ የከተማው ሰው አንድ በአንድ ይሸሸዋል። በመጨረሻ፣ ወንበዴዎቹ ከወደቁ በኋላ፣ ኮከቡን ከደረቱ ነቅሎ አፈር ላይ ይጥለዋል። ያቺ ቁራጭ ቆርቆሮ ብዙ ትናገራለች። ሕግ ከሰውየው የተለየ ነገር ነው፤ ከተማው ለጥፎለት ነበር፣ እሱም መልሶ ሊጥለው ይችላል።

እንዲህ ያለውን የአሳዳጅና የተሳዳጅ ድራማ በገዛ አገሩ ታሪክ ውስጥ የሚሻ ደራሲ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና ወደሚሰደው የጉና ተራራ ፊቱን ቢመልስ አይከስርም። ከተራራው በስተምዕራብ ያለችው ደብረ ታቦር በየጁው ራስ ጉግሣ ተቆርቁራ የመሳፍንቱ መናገሻ ሆነች፤ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ። ይሁን እንጂ እዚህ የሚገኘው ታሪክ የሸሪፉን ኮከብ በቀላሉ የሚያስለጥፍ አይደለም።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። «ሸፈተ» የሚለው ግሥ መንገድ ዘግቶ ነጋዴ የሚዘርፈውንም፣ ተበደልኩ ብሎ ጫካ የሚገባውንም፣ ዙፋን የሚመኘውንም በአንድነት ይይዛል። የቋራው ካሣ ኃይሉ ሦስቱንም ነበር። በቆላው ነጋዴ ዘረፈ፤ ካገኘው ገንዘብም ለገበሬዎች እያከፋፈለ ማረሻ ግዙበት ይላቸው እንደ ነበር ይተረካል። አንባቢ ይህችን ማረሻ ያስታውስልኝ፤ ተመልሳ ትመጣለች። እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ መጀመሪያ በጋብቻ ሊያስሩት ፈልገው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ይህ ሳይበቃ ቀርቶ አሳዳጅ ተላከበት። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ አስሬ አመጣለሁ ብሎ ፎክሮ ወጣ፤ ተሸንፎ ተማረከ፤ ካሣም ኮሶውን ግቶ አጠጣው። በሰኔ 1839 ዓ.ም. እቴጌይቱ ራሳቸው ዘምተው ተማረኩ። ከዚያ ወዲያ ጉር አምባ፣ አይሻል፣ ደረስጌ ተከታተሉ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ተሳዳጁ ቅባ ቅዱስ ተቀባ።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ድንቅ ነገር ይሠራል። እስካሁን «እሱ» ስንለው የነበረው ካሣ ከዚያች ቀን ጀምሮ «እሳቸው» ይሆናሉ። ሰዋስዋችን እንኳ ወንበዴውን ከሸሪፉ የሚለየው በአንድ የቅባት ቀን ነው።

አዲሱ ንጉሠ ነገሥት መንገዱን ለማጽዳት ቆርጠው ተነሡ። ነጋዴው ወደ ንግዱ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ከዚህ አዋጅ ጋር ተያይዞ በዘመኑ የውጭ አገር ጸሐፊዎች በኩል የደረሰን አንድ ትረካ አለ። በደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ እነሱ ቲስባ ብለው በመዘገቡት ስፍራ፣ በዝርፊያ የታወቁ ሰዎች ነበሩ። አዋጁን በሰሙ ጊዜ ሙሉ ትጥቃቸውን ታጥቀው ከንጉሡ ፊት ቀረቡና የአባቶቻችን ሥራ ይጽናልን አሉ። ሥራችሁ ምንድን ነው ቢሏቸው፣ ዘረፋ ነው ብለው መለሱ። ንጉሡ አልተቆጡም። ሥራችሁ አደገኛ ነው፣ እርሻ ይሻላችኋል፤ ከሜዳው መልካም መሬት እሰጣችኋለሁ፣ በሬና ማረሻም እጨምራለሁ አሏቸው። እንቢ አሉ። ጊዜ ወስደው እንዲያስቡበት ቢለምኗቸውም ያው እንቢ ነበር። በመጨረሻ እንደ ፈቃዳችሁ ይሁን ብለው አሰናበቷቸው። ዘራፊዎቹ ንጉሡን አስፈራራን ብለው ደስ እያላቸው ሲሄዱ ፈረሰኛ ጦር ደርሶ ፈጃቸው።

ለመድረክ ሰው ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ከየት ይመጣል? ቀድሞ ሽፍታው ለገበሬ የገዛት ማረሻ አሁን ንጉሡ ለሽፍታ የሚዘረጉላት ማረሻ ሆናለች። ዘራፊዎቹም ሞኞች አልነበሩም። ዘርፎ ዙፋን ላይ የወጣን ሰው በገዛ አዋጁ ይዘው፣ አንተ በወጣህበት መንገድ እኛ ስለምን አንሄድም እያሉት ነበር። ፈረሰኛው የተላከው ለወንጀሉ ብቻ ሳይሆን ለዚህ ጥያቄም ይመስለኛል። ዳኛ አልተሰየመም፤ ነቅሎ የሚጥሉት ኮከብም አልነበረም። ሕጉ ራሳቸው ንጉሡ ነበሩ።

በመድረካችን ጎልቶ የሚታየው ግን የቋራው ጎረምሳና የመቅደላው ሽጉጥ ነው። በመካከል ያለው የደብረ ታቦር ዘመን ለጸሐፊ ይከብዳል፤ ለጭብጨባ አይመችምና። የአዲሱን መንግሥት ሥርዓት በ1847 ዓ.ም. ዘገባው ያመሰገነው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አጠገብ በሽፍታው ጋረድ ሰዎች እጅ ቆስሎ ሞተ። ጋረድ የንጉሡ የገዛ ዘመድ ነበር። ንጉሡ በሚቀጥለው ዓመት ተከታትለው ደመሰሱት፤ ወዳጃቸው ጆን ቤልም በዚያው ውጊያ ወደቀ። አሳዳጁም ተሳዳጁም ከአንድ ቤት የወጡበትን ይህን ታሪክ የካውቦይ ፊልም አያውቀውም።

በ1859 ዓ.ም. ኅዳር ጎንደር ተዘርፋ ተቃጠለች። በንጉሡ እጅ የቀረው በጌምድርና ጥቂት አካባቢው ብቻ ስለ ነበር፣ ሠራዊቱ የሚበላው ከዚሁ ገበሬ ጎተራ ነበር። በሬና ማረሻ የተሰበከለት ገበሬ በሬው ሲታረድ አይቶ ጦሩን አነሣ፤ ከሰፈሩ ራቅ ብሎ የተገኘ ወታደር አይመለስም ነበር። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጠሉ። ጋፋት ላይ የተሠራውን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደሉን እያስናዱ መንገድ እያስጠረጉ፣ ከጉና ደጋ ወደ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው።