ሕፃኑን ያቀፈው የወኅኒ ዘበኛ፦ የግዞተኛው የሄንሪ ኬብል ታሪክ

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ በሌባ ላይ እጅግ የጸና ነበር። ቤት ሰብሮ የሰረቀ ሰው በስቅላት ይቀጣል፤ ምሕረት ቢያገኝ እንኳ ባሕር ተሻግሮ በግዞት ይኖራል። የግዞቱ ስፍራ አስቀድሞ አሜሪካ ነበረች። በነፃነት ጦርነት ምክንያት ያ በር በተዘጋ ጊዜ ወኅኒዎች ሞልተው ተጨናነቁ፤ መንግሥትም እስረኞቹን ወደ ሩቂቱ አውስትራሊያ ለመስደድ ወሰነ።

ሄንሪ ኬብል ከእነዚህ ግዞተኞች አንዱ ነው። በ1783 እ.ኤ.አ. በኖርፎክ አውራጃ ከአባቱና ከአንድ ግብረ አበራቸው ጋር ቤት ሰብሮ በመስረቅ ሞት ተፈረደበት። ሁለቱ ተሰቀሉ፤ የወጣቱ ፍርድ ግን በ14 ዓመት ግዞት ተለወጠ። በኖርዊች ወኅኒ ሳለ በስርቆት የተፈረደባትን ሱዛና ሆምስን አወቀ፤ በ1786 ወንድ ልጅ ወለዱ። ለመጋባት ቢለምኑም ፈቃድ አላገኙም።

ሱዛና ወደ ፕሊመዝ ወደብ እንድትወሰድ በታዘዘ ጊዜ ሕፃኑን ታቅፋ ሄደች። የእስር መርከቡ አዛዥ ግን “ስለ ሕፃን የደረሰኝ ትእዛዝ የለም” በማለት እናቲቱን ብቻ ተቀበለ። ያደረሳት የወኅኒ ዘበኛ ጆን ሲምፕሰን ይባላል። እስረኛዋን ስላስረከበ ሥራው ተፈጽሞ ነበር፤ ከዚህ በላይ የሚጠይቀው ሕግ አልነበረም። እርሱ ግን የሚጠባውን ሕፃን ታቅፎ በሠረገላ ለንደን ድረስ ተጓዘ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩን ሎርድ ሲድኒን ደጅ ጠንቶ አገኛቸው፤ የእናቲቱንም ኀዘን ነገራቸው። ሚኒስትሩም ሕፃኑ ለእናቱ እንዲመለስ፣ አባትየውም አብሮ እንዲሄድ አዘዙ።

በግንቦት 1787 ከ11 መርከቦች ጋር ተጓዙ፤ በየካቲት 1788 በሲድኒ ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በዚያው ዓመት በመርከብ ላይ የጠፋባቸውን ንብረት አስመልክተው የመርከቡን አለቃ ከሰሱ። በአገራቸው ሕግ ሞት የተፈረደበት ሰው መክሰስ ባይችልም፣ ፍርድ ቤቱ አድምጦ 15 ፓውንድ እንዲከፈላቸው ወሰነ። ይህም በዚያ ሰፈር የመጀመሪያው የፍትሐ ብሔር ክርክር ሆነ። ሄንሪ በኋላ የፖሊስ አለቃ፣ የመርከብ ባለቤትና ነጋዴ ሆነ። ሕይወቱ ግን ነቀፋ አላጣውም፤ በ1802 በጥፋት ከሹመቱ ተሽሯል። ሱዛና በ1825፣ እርሱም በ1846 ዐረፉ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ስርቆት ኃጢአት መሆኑን ይህ ታሪክ አይሽረውም። በቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ የምናስብ እኛ ግን በደለኛ ሰው በበደሉ ብቻ እንደማይለካ እናውቃለን። ሲምፕሰን ባለ ሥልጣን አልነበረም፤ ፍርድ መሻር፣ እስረኛ መፍታት አይችልም። በእጁ የነበረው አንድ ሕፃንና የመንገድ ድካም ነበር። እኛም “ከዚህ በላይ አያገባኝም” ብለን ልናልፍ ስንል፣ ምናልባት የምሕረት ሥራ የሚጀምረው ከዚያች ስፍራ መሆኑን እናስተውል።